ከባሕር ሦስተኛው ቤት

ዛሬ ይገድለዋል። ይህን ካወቀ ወዲያ እንቅልፍ ምን ያደርግለታል? ኑርሁሴን ከሁለተኛው ሺፍት ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ሰግዶ አልጋው ላይ ከወደቀ ጀምሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያየው ያንኑ ነው፤ አንገት፣ ምላጭ፣ ደም፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና አንገት። ረፋዱ ገፍቷል። የኮሎምበስ ኦሃዮ የታኅሣሥ ፀሐይ፣ ስሟ ብቻ ፀሐይ የሆነች፣ በፕላስቲኩ መጋረጃ ሽንቁር ገብታ ግድግዳውን የሸፈነውን ካርታ ታሳየዋለች። ጣሊያኖች አሰብን ሲገዙ የነደፉት የወደቡ ካርታ ነው፣ እሱ የተወለደበት ላሜራ ሰፈር ገና ይህ ስም ሳይወጣለት፤ ባሕሩ በሰማያዊ መስመር፣ ከባሕሩ ወደ መስጊዱ የሚወጣው ቅያስ በጥቁር፣ በቅያሱ ዳር ቤቶቹ ትንንሽ ሳጥን ሳጥን ሆነው። ከባሕሩ ሲቆጠር ሦስተኛዋን ሳጥን በቀይ ማርከር ከቧታል፤ አንዴ ከቦ አልበቃውም፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ነው ያዞረባት። የጋሼ ሳህሌ ቤት ናት። ጋሼ ሳህሌ ማለት ከኤርፖርት የተቀበለው፣ ሥራ ያስገባው፣ በየቀኑ ከቀትር በኋላ በመኪናው ግሮቭፖርት መጋዘን ድረስ ይዞት የሚሄደው ሰውዬ ነው። ታላቅ ወንድሙን ጁነዲንን ከቤቱ አውጥቶ ለገዳዮቹ የሰጠውም እሱ ነው። ዛሬም ስምንት ሰዓት ላይ ከበሩ መጥቶ ክላክስ ያደርጋል። ያድርግ!

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነበር። ኮሮና ሰውን ሁሉ ቤቱ የቆለፈበት ዓመት፣ ላሜራ ሰፈር ያደጉ ሰዎች ከጂዳም፣ ከቶሮንቶም፣ ከአዲስ አበባም ተጠራርተው ቴሌግራም ላይ ተሰበሰቡ፤ ከዚያች ሰፈር ፎቶ ይዞ የወጣ የለም፣ ነፍሱን ይዞ የወጣም አላህን ያመስግን፣ ስለዚህ ሰፈሩን ከትዝታችን እንሥራው ተባለ። ካርታውን ያገኘው ኑርሁሴን ነው። ዳውንታውን ያለው ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ማስኩን አጥልቆ ሄደ፣ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲታገል ዋለ፣ አንዲት ሽበታም ሠራተኛ አዘነችለትና አንድ ዩኒቨርሲቲ ስካን ካደረጋቸው አሮጌ ካርታዎች መሐል ፈልጋ አወጣችለት፤ በሰፊ ወረቀት ፕሪንት አድርጋ፣ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ አስታቀፈችው። በአውቶቡስ ሲመለስ አልቅሷል፣ ማስኩ እስኪረጥብ። ግሩፑ ላይ ሲለጥፈው ሰው አበደ። ይቺ የኛ ቤት ናት፣ ኧረ አይደለችም፣ ጉድጓዱ የታለ፣ መስጊዱ በግራ ነበር፣ ግራህ በየት በኩል ሆኖ ነው፤ አንዱ ደግሞ ባሕሩ ቀረበብኝ ቢል «ናፍቆህ ነው የቀረበብህ» ብለው ሳቁበት። የላሜራ ሰፈር ሰው ቤት የሚቆጥረው ከባሕር ነው። የቀበሌ ቁጥር በየበሩ ተለጥፎ ነበር ይባላል፣ ማን አይቶት! ሠርግም ቢጠራ፣ መርዶም ቢነገር፣ «በመስጊዱ ቅያስ ከባሕር አራተኛው ቤት» ነው እንጂ ሌላ አድራሻ አልነበረም። ኑርሁሴንም ከሰማያዊው መስመር እየጀመረ፣ እየቆጠረ፣ ስም ጻፈ። የራሱን ቤት ብቻ አጣው። ሲወጡ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የሚያስታውሰው ከደጃፋቸው ሆኖ ሲያይ ባሕሩ እንደማይታይ፣ ሽታው ብቻ እንደሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ከባሕሩ አፍ ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ሳጥን የነሱ ልትሆን አትችልም ብሎ ተዋት። እናቱን ሲጠይቃት «ረሳሁት» አለችው። ጋሼ ሳህሌን ሲጠይቀው፣ የራሱን ሳጥን በጣቱ እየደባበሰ «ይቺ የኛ ናት፣ አባቴ ከጣሊያን እጅ የገዛት» ብሎ ሲስቅ ቆየና፣ «የናንተ ወደ ታች ነው» ብሎ ወሬ ቀየረ። ያን ጊዜ አልጠረጠረም። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ገደሉን ያሳየችው እትዬ ራቢያ ናት፣ ዓሣ ትሸጥ የነበረች የሰፈሩ ትልቅ ሰው። አዲስ አበባ የልጇ ቤት ተኝታ፣ ደረቷ እያፏጨ፣ የሱን ጥያቄ በድምፅ ትመልስለት ነበር፤ ይቺስ የማን ናት፣ ያቺስ የማን ናት፣ አንድ ቀን አንገሸገሻት። «ኑርሁሴን ልጄ፣ አታድክመኝ» አለች። «የማን ቤት፣ የማን ቤት ትለኛለህ። ጁነዲንን በር ከፍተው ያወጡት እኮ በመስጊዱ ቅያስ ከባሕር ሦስተኛው ቤት ናቸው። ምን እንድልህ ነው የምትነካካኝ? በል ተወው፣ የሞተው ሞቷል።» ከዚያ ሳል፣ ብዙ ሳል። ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። እሱ ግን ድምፅዋን አንዱ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ሲሠራ ያመሻል፤ ሣጥን ያነሳል፣ ስካን ያደርጋል፣ ከባሕር ሦስተኛው ቤት፣ ሣጥን ያነሳል፣ ከባሕር ሦስተኛው ቤት፣ ሁለት ረድፍ አለፍ ብሎ ጋሼ ሳህሌ በፎርክሊፍቱ ላይ ሆኖ እጁን ያውለበልብለታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰውዬው እጁን ማውለብለቡ ነው የሚያሳብደው።

የጁነዲንን አሟሟት የሚያውቀው በቁርጥራጭ ነው፤ ከዘመድ ሹክሹክታ፣ ከግሩፑ ወሬ፣ ከቅዠት። ግንቦት ሰማንያ ሦስት፣ መንግሥት ወድቋል፣ ወታደሩ መሣሪያውን ባሕር ውስጥ እየጣለ ባገኘው ጀልባ ይሸሻል፣ አለቆች ከሁሉም ቀድመው ጠፍተዋል። ጁነዲን አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ወደቡ በጥበቃነት ከቀጠረው ወር አልሞላውም፣ የደንብ ልብስ እንኳን አልደረሰውም፤ አንድ ዝገታም ጠመንጃ አሸክመው የስንዴ መጋዘን በር ላይ አቁመውታል፣ ሂድ ያለው የለም፣ ስለዚህ ቆሟል። ሕዝቡ ስንዴውን ሊወስድ መጣ። ወደ ሰማይ ተኮሰ ይላሉ፣ ወደ ሰው ተኮሰ ይላሉ፤ አንድ ጆንያ ተሸካሚ ወደቀ፣ እርግጡ ይሄ ነው። ስንዴው ተረሳ። ጁነዲን ሮጠ፣ ከኋላው ሰፈሩ ሮጠ፣ በመስጊዱ ቅያስ ገብቶ አንድ ቤት ውስጥ ጠፋ፣ ደጁ በሰው ተሞላ፣ ውጣ፣ አውጡት፣ ደም በደም! ጥቂት ቆይቶ በሩ ይከፈታል፣ ጁነዲን ይወጣል። ተሸካሚዎቹ ጆንያ የሚስቡበት የብረት መንጠቆ በእጃቸው ነበር። አንዱ ትከሻው ላይ ሰካበት፣ አንዱ ጭኑ ላይ፣ እንደ ጆንያ ጎተቱት፣ የዚያ አገር መሬት ጨውና አሸዋ ነው፣ ደም ቶሎ ይጠጣል፤ ጥርሱን በድንጋይ አወላለቁት፣ ፊቱ ላይ ቆሙበት፣ ሲጮህ ስም አልጠራም ይላሉ፣ እናቴ አላለም፣ አባቴ አላለም፣ ዝም ብሎ ድምፅ ብቻ ነበር። አባቱ የተረፈውን በአንሶላ ለቅሞ ቀበረው። ከዚያ በረሃውን በእግርም በጭነት መኪናም አቋርጠው ወሎ ገቡ፣ ኮምቦልቻ፣ ያባቱ ዘመዶች ጓሮ፤ አባቱ እስኪሞት ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ እንጂ የጁነዲንን ስም አንድ ቀን አልጠራም። ለኑርሁሴን ከዚያ ቀን የቀረለት አንድ ነገር ነው፤ ፊቱ በእናቱ ደረት ላይ ተደፍቶ፣ መተንፈስ እያቃተው፣ የልቧ ምት ጆሮው ውስጥ ሲደልቅ። የት ሆነው እንደነበር አያውቅም፣ ጠይቆም አያውቅም።

እንቅልፍ ማጣቱን ለክሊኒክ ነግሮ ነበር። አሜሪካ ሁሉንም ነገር በስልክ ነው የሚያክመው፤ አንድን ይጫኑ፣ ሦስትን ይጫኑ፣ ሙዚቃ፣ ከዚያ ነርሷ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ አስተርጓሚዋ እንደ ራዲዮ ዜና አንባቢ ባማረ አማርኛ፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ራስዎን ወይም ሌላ ሰው የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል? በጭራሽ፣ አንዳንድ ቀናት፣ ከግማሽ በላይ ቀናት፣ ወይስ በየቀኑ ማለት ይቻላል?» የደም ጥማትን እንደ ሽሮፕ በቀን ስንት ጊዜ ነው ብሎ የሚጠይቅ አገር! «በጭራሽ» አላት። እሷም «በጭራሽ» ብላ አስተላለፈችለት። የእንቅልፍ ኪኒን ከግሮሰሪ ግዛ ተባለ፣ ገዛ፣ ዋጠ፣ ጣዕሙ እንጆሪ ይመስላል፤ እንቅልፉ የለም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናቱ ተገኘች። ጦርነቱ ኮምቦልቻ ከገባ ጀምሮ ስልክ ተዘግቶ ሳምንታት አልፈው ነበር፤ በየቀኑ ይደውላል፣ የተቀዳችው ሴትዮ ደንበኛዋን ለጊዜው ማግኘት አይቻልም ትለዋለች፣ እሱም በልቡ ሺህ ጊዜ ቀብሯታል። ጠዋት ጠራ። «አሎ» አለች፣ ያችው ድምፅ፣ ሰዓዲያ፣ እናቱ። «አለሁ የኔ ጌታ፣ ሞት ረስቶኝ አለሁ።» የጎረቤት ልጅ ደጃፉ ላይ ተመትቶ ሲወድቅ ማየቷን፣ የሚቀብር ወንድ ጠፍቶ ሴቶች መቆፈራቸውን፣ ከባዱ መሣሪያ ሲያጓራ ከአልጋ ሥር ማደሯን ነገረችው፤ እያለቀሰች አይደለም፣ የገበያ ዋጋ እንደሚነግር ሰው ነው። ያኔ ነው ያመለጠው። እንድትደሰት ብሎ ነው፤ ካንቺ ደጅ ሬሳ አልጠፋም፣ እኔ ደግሞ ከዚህ አንድ ልክፈልልሽ የማለት ያህል። «እማየ፣ አገኘሁት። ጁነዲንን ከቤቱ ያወጣውን ሰው አገኘሁት። እዚህ ነው ያለው፣ በየቀኑ አብሬው ነው የምውለው። ዛሬ እጨርሰዋለሁ።» በዕድሜው ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ «አትንካው» አለች። «ለምን?» «አትንካው አልኩህ! በጠባኸው ጡቴ ይዤሃለሁ ኑሬ፣ ያን ሰው…» መስመሩ ተቆረጠ። ደጋግሞ ሞከረ፣ ያችው የተቀዳች ሴትዮ። እናት መቼስ እናት ናት፣ እስር ቤት እንዳይገባባት ፈርታ ነው አለ፤ ፈሪ አድርገዋታል፣ ሠላሳ ዓመት አንገቷን አስደፍተዋታል፣ ለሱም ሊከፍሉ ይገባል። ዙህርን ሰገደ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፤ ሱጁድ ወርዶ ግንባሩ ምንጣፉን ሲነካ እንኳን የሚታየው አንገት ነው።

የቱ ላይ ይጀምር? መጋዘን ውስጥ ከተር የሚሉት የካርቶን መቅደጃ አለ፣ አዲስ ምላጭ አስገብቶበታል፣ የሥራ ሰደርያው ኪስ ውስጥ ነው፤ ከጆሮ ሥር ወደ ታች ቢሆን ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ እንዲያልቅ ግን አይፈልግም፣ ጁነዲን ቶሎ አላለቀም። ዓይኑን ቢያወጣውስ። ያውለበለበበትን እጅ ጣት በጣት ቢቆርጠውስ። በመጀመሪያው ክረምት ካፖርት የገዛለት ያ እጅ ነው፤ በረዶ ላይ መኪና እንዴት እንደሚያዝ መሪውን አብሮ ይዞ ያስተማረው፣ ኮሮና የያዘው ጊዜ ምግብ በር ላይ አስቀምጦ፣ ከፓርኪንግ ሎቱ ማዶ ቆሞ «ብላ አንተ ልጅ!» እያለ የሚጮህበት። ወዶታል። አባቱን እንኳን እንደዚያ አልወደደም። አሁን የሚጠላውም በወደደው መጠን ነው፣ ከዚያም ይበልጣል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ደግነት አሁን ወደ ኋላ ሲታይ ስድብ ነው፤ የወንድምህን ደም ጠጥቼ ላንተ ካፖርት ገዛሁልህ እንደማለት።

ክላክስ ጮኸ። ሁለቴ። ጫማውን አሰረ፣ ሰደርያውን ለበሰ፣ ወረደ።

«ተኛህ?» አለ ጋሼ ሳህሌ፤ ስድሳ የደፈነ ሰው ነው፣ ኮፍያው እስከ ቅንድቡ።

«ተኛሁ።»

«ውሸትህን ነው። ዓይንህ ቲማቲም መስሏል። ዛሬ ኮል ኦፍ አድርገህ ቅር ብልህ አትሰማ። እናትህስ?»

«ጠዋት ተገኘች።»

ሰውዬው መሪውን በሁለት እጁ መታው። «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! አንተ፣ እንዴት ቴክስት አታደርገኝም? እኔ እኮ ሌሊቱን ያገር ቤት ሰው ሁሉ ኮል እያደረግኩ ነው የማድረው፣ እትዬ ሰዓዲያን ያያችሁ እያልኩ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እውነተኛ እንባ፣ በእጁ ጀርባ ጠረገው። አስመሳይ። የአዞ ዘር። ሁለት ሰባ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ከባድ መኪኖቹ ግራና ቀኝ ያፏጫሉ፣ አሁን መሪውን ቢጠመዝዝበት ሁለቱም አብረው ከመኪናው ሥር፣ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱን ሰምቶ መሞት አለበት። የግሮቭፖርት መጋዘኖች መስኮት የሌላቸው ግድግዳቸውን ዘርግተው መጡ። ጋሼ ሳህሌ እንደ ልማዱ ከፓርኪንጉ ጥግ፣ ከቆሙት ተሳቢዎች አጠገብ አቆመ፤ ሺፍቱ እስኪደርስ ከቴርሞሱ ሻይ የሚጠጡበት ቦታ ነው።

«ጋሼ ሳህሌ፣ ጁነዲን የተገደለ ቀን የት ነበሩ?»

ቴርሞሱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የሰውዬው ፊት ባንዴ አረጀ። «ማን ነገረህ?» አለ።

ከዚያ በኋላ ቃል አልነበረም። ኑርሁሴን ኮሌታውን አንቆ ጭንቅላቱን ከመስታወቱ ጋር ያጋጨዋል፣ አንዴ፣ ደግሞ፣ ኮፍያው ይወድቃል፣ ሻዩ በሁለቱም ጭን ላይ ይፈስሳል፣ ማቃጠሉ ለአንዳቸውም አይሰማቸውም፤ ምላጩ ወጥቷል፣ አንገቱ ላይ ነው፣ የሽማግሌ ቆዳ ነው፣ ሳይጫነው ተከፈተ፣ ደሙ ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ሰውዬው ምላጩን በባዶ እጁ ያዘው። ጨበጠው። ኑርሁሴን ሲስብ ምላጩ በሰውዬው መዳፍ ውስጥ ሲሄድ ተሰማው፣ ሥጋ እንዴት እንደሚቀደድ በእጀታው በኩል ተሰማው፣ መሪው፣ የዳሽቦርዱ አቧራ፣ መስታወቱ፣ ሁሉም ቀይ ሆነ፤ ሰውዬው ግን አልለቀቀም።

«በሩን ከፈትክ!» አንቱታው የት እንደሄደ አያውቅም። «አውጥተህ ሰጠኸው! እንግዳህን! አንተ ውሻ!»

«እኔ?» ሳህሌ ያቃስታል። «ከየት ነው ያወጣሁት?»

«ከቤትህ! ከባሕር ሦስተኛው ቤት! ራቢያ ነግራኛለች፣ ካርታው ላይ አለ፣ ራስህ በጣትህ ነህ ያሳየኸኝ!»

ሳህሌ ትኩር ብሎ አየው። ፍርሃቱ ከፊቱ ላይ ሄዶ በቦታው ሌላ ነገር መጣ፣ ኑርሁሴን ሐዘን መሆኑን ሲያውቅ ይበልጥ ሊወጋው ፈለገ። «የቱ ባሕር?» አለ ሳህሌ። «ያ እኮ የጣሊያን ባሕር ነው ልጄ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወደቡ ሲሰፋ ባሕሩን ደፈኑት። እኔ ልጅ ሆኜ ገልባጭ መኪናው ድንጋይ ሲደፋ ቆሜ እያየሁ ነው ያደግኩት። በደፈኑት ላይ፣ ከቅያሱ ታች፣ ሁለት የቆርቆሮ ቤቶች ተሠሩ፤ አንተ ስትወለድ ነበሩ። ራቢያ ስትቆጥር ከነሱ ነው የምትጀምረው። በሷ ቆጠራ የኔ አምስተኛ ነው።»

ኑርሁሴን ሳይፈልግ ቆጠረ። ካርታው ዓይኑ ውስጥ ነው፣ በሕልሙም አይለቀውም፤ ሰማያዊውን መስመር ወደ ታች ገፋው፣ ሁለት የቆርቆሮ ቤት ጨመረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛዋ የካርታው መጀመሪያ ሳጥን ሆነች፤ ከፊቷ ሁለት ቤት የተሠራባት፣ ከደጃፏ ሲታይ ባሕሩ የማይታያት፣ ሽታው ብቻ የሚመጣላት። ስም ሳይጽፍ የተዋት።

«ሰው ሲሯሯጥ የት ይገባል?» አለ ሳህሌ። «ቤቱ ነው የገባው። ጁነዲን ቤቱ ነው የሮጠው።»

«ውሸታም።»

«ውሸታም ልሁን ብዬ ነው ስትጠይቀኝ ወሬ የቀየርኩት። ራቢያም አንተ የምታውቅ መስሏት ነው።» ደሙ ከክርኑ ይንጠባጠባል። «እኔ ከደጃችሁ ፊት ለፊት ነበርኩ። ናፍጣ አመጡ። በሩ ላይ፣ ጣራው ላይ ደፉት፤ ክብሪት የያዘውን አውቀዋለሁ፣ አብሮ አደጌ ነው። እናንተ ውስጥ ናችሁ፣ ያንተ ልቅሶ ይሰማኛል። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ማን እንደከፈተው አላየሁም። እሱ ወጣ። እኔ አልመታሁትም ኑሬ፣ አልነካሁትም። ተዉት ግን አላልኩም። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ አየሁ። ኤርፖርት የመጣሁት ለምን ይመስልሃል? የአባትህን ስም ሰምቼ ነው እኮ የመጣሁት።»

ምላጩ መቼ እንደወደቀ አያውቅም። ሰደርያውን አውልቆ የሰውዬውን መዳፍ እየጠመጠመ ነው፤ ቢጫው ጨርቅ ወዲያው ጠቆረ፣ ጠበቅ አደረገው፣ ሳህሌ ጮኸ። አባቱ። በሩን የከፈተው እሱ ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ለዚህ ነው። ሁልጊዜ ትከሻውን ብቻ ሲያየው ያደገ ሰው፣ ዝምታውን ሐዘን ነው ብሎ ያከበረው ሰው፤ ሞቷል፣ ተቀብሯል፣ ከመቃብር አውጥቶ አይገድለው ነገር። እጁ ግን አሁንም የሆነ አንገት ይፈልጋል። የመጋዘኑ ሰዎች በሩቁ የምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ይገባሉ። ስልኩ ጭኑ ላይ ይርገበገባል። ኮምቦልቻ ነው። አነሳው።

«ኑሬ፣ ነካኸው?»

ደም ያለበት እጁ ስልኩ ላይ ያሟልጫል፣ ስፒከሩን ነክቶት ድምፁ ለሁለቱም ይሰማል።

«ኔትወርኩን ስጠብቅ አመሸሁ። ሰውየው አይደለም። ማንም ይሁን፣ እሱ አይደለም።»

«አባቴ ነው?» አለ። «አባቴ ነው አይደል የከፈተው?»

«አባትህ?» አለች። «የአባትህንስ ስም አታንሳ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ እኔን ሳታቃጥሉ አታገኙትም እያለ ነበር።» ትንፋሿ ይሰማል። «እኔ ነኝ። አንተን ታቅፌ ነበር። ናፍጣው በበሩ ሥር ገብቶ እግሬን አራሰኝ። ጁነዲን ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላልኩትም፤ እሱም ምንም አላለኝ። አባትህን በክንዱ ጎትቼ ከበሩ አነሳሁት፣ መቀርቀሪያውን የሳብኩት እኔ ነኝ። አንዱን ሰጥቼ አንዱን አስቀረሁ። አባትህ እስኪሞት ዓይኔን አላየም። በል፣ ይኸው አገኘህ። ምን ታደርገኛለህ?»

ከኦሃዮ ሆኖ ኮምቦልቻ ያለችን አሮጊት ለመግደል ምላጭ አያስፈልግም፤ አንድ ቃል ይበቃል፣ ቃሉም አፉ ውስጥ አለ፣ ከጥርሱ ኋላ ተዘጋጅቶ። ቃል ባይኖርስ ዝምታ መቼ ጠፋ። ስልኩን ቢዘጋው ኔትወርክ ነው ብላ ትተኛለች፣ ነገ ትጠብቃለች፣ ከነገ ወዲያ ትጠብቃለች፣ እሱ ዳግመኛ አይደውልም፣ በቃ፤ ማንም ነፍሰ ገዳይ አይለውም። እናቱን ጠላት። በሕይወቱ ሙሉ በዚህች ሰዓት እሷን የጠላትን ያህል ማንንም አልጠላም። ጁነዲንን የሰጠችበትን እጅ ጠላ፣ ራሱን ያቀፈችበትን እጅ ጠላ፣ ያቀፈችውን ራሱን ጠላ።

«ኑሬ? ትሰማኛለህ?» ከዚያ ለራሷ፣ ቀስ ብላ፣ «ሄደ መሰለኝ። ሄደ።»

«መልስላት!» አለ ሳህሌ። እጁን ደረቱ ላይ አጥፎታል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «እንደ እኔ አትቁም። መልስላት አንተ ልጅ!»

ጩኸቱ መኪናዋን ሞላት። ኑርሁሴን ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ያዘጋጀው ቃል አሁንም አለ፣ ይወጣል ብሎ ያስባል፣ የሚወጣው ግን ሌላ ነው፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ማንም ጠይቆ የማያውቀው።

«አልሄድኩም፣ እማየ። እሰማሻለሁ። ጁነዲን ያን ቀን ምን ለብሶ ነበር?»

እናቱ ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ በለቅሶው መሐል መለሰችለት።

«ነጭ ሸሚዝ» አለች። «ጠዋት ያጠብኩለትን። ገና ሳይደርቅ ነው የለበሰው።»